ኸድር የመረጣት መኪና

ቀይዋ መኪና አፍንጫዋን በሮቃው ግንድ ላይ ደፍታ ቆማለች። ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ ወደ ቀወት የሽንኩርት ማሳዎች የሚወርደው የጠጠር መንገድ እዚያ ዛፍ ሥር ይታጠፋል፤ እሷ ግን አልታጠፈችም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ቆላው ከወዲሁ መፋጀት ጀምሯል። ከመሪው ኋላ ኸድር ተቀምጧል፤ የሠላሳ አራት ዓመት የሽንኩርት ነጋዴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «የስፖርት መኪና እገዛለሁ» እያለ አገሩን ሲያስቅ የኖረ ሰው። ትናንት ተረከባት። ዛሬ ማሳ ሊያጠጡ የወጡ ገበሬዎች ሬሳውን አገኙ።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን አሰግድ። «ዕድሜውን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ፈረስ ላይ ወጣ። ቁልቁለቱን ሲለቃት አልታዘዝ አለችው። አደጋ ነው።»

ኢንስፔክተር ጸደንያ ወደ መኪናዋ ቀረበች። ወንጀል ስትመረምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ «ግልጽ ነው» የሚል ቃል ስትሰማ ግን ዛሬም ጆሮዋ ይቆማል። በተከፈተው በር ጎንበስ ብላ ከጣሪያው እስከ ወለሉ በዓይኗ አበጠረችው። የሟቹ ግራ እግር እንደ አጣና ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ጥግ ተገፍቷል። ወለሉ ላይ ሦስት መርገጫ አለ። ማርሹ የትም አልገባም፤ ፎሌ ላይ ነው። ማጅራቱ ላይ ፀጉሩ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ደርቋል። ጸደንያ ቀና ብላ መንገዱን አየች። ጠጠርና አቧራ ብቻ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር አልፎታል።

«ይህ እግር ምን ሆኖ ነው?»

«ልጅ ሆኖ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ነው ይላሉ። ጉልበቱ አይታጠፍም።»

ከሟቹ ደረት ኪስ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ወጣች። ጸደንያ ሮቃው ጥላ ሥር ቆማ አነበበቻት። ከዳር እስከ ዳር መኪና ነበር። «የጀርመኗ፦ ታምራለች። መለዋወጫዋ ግን ከራሷ ይወደዳል፤ ትቅር።» «ጣሪያዋ የሚከፈተው፦ በሮቢት ፀሐይ? አብደሃል ኸድር።» በመጨረሻው ገጽ፦ «ቀይዋ ጃፓን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ቢሆንም ከአቅሜ ጋር ትስማማለች። ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው፤ እግሬ እንደተዘረጋ ይገባል። እሷው ናት።» ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ረጅም ቁጥር ነበር።

ጸደንያ ደብተሯን ዘጋች። ሰውየውን በሕይወት አታውቀውም፤ ሆኖም በዚያች ቅጽበት የምታውቀው መሰላት።

*

የኸድር እናት እትዬ ራቢዓ ቤት ለቀስተኛ ሞልቶታል። ሴትዮዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ እንባቸው ደርቆ፣ የሚጠየቁትን ቀጥ አድርገው ይመልሱ ነበር።

«ሰው ሳቀበት» አሉ። «ሽንኩርት በስፖርት መኪና ሊጭን ነው ብለው ሳቁበት። ልጄ ሚኒባስ ውስጥ ያ ጉልበቱ በወንበርና በወንበር መሃል አይገባለትም። ደብረ ሲና ለመድረስ እንኳ ከጭነት መኪና ኋላ ከሽንኩርቱ ጋር ተጭኖ ነበር የሚወጣው። ዝቅ ያለች መኪና እግሩን ዘርግቶ ታስቀምጠዋለች። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ለጉራ አልነበረም።»

«መኪናዋን ማን አገዛው?»

«ሦስት ሰው። መካኒኩ ፍቃዱ አብሮ አደጉ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ አየለት። ደላላው ሰዲቅ ሻጩን አገናኘው። ታላቅ ወንድሙ አሊዪ ደግሞ የአይሱዙ ሹፌር ስለነበር እሱ ነድቶ አመጣለት።» ከዚያ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ከማንጎው የወደቀ ጊዜ ሦስት ዓመት በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት ያመላለሰው አሊዪ ነው። አሁን ማን ያጽናናዋል?»

አሊዪ ከግቢው ጥግ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ደም መስሏል። ጸደንያ ስትቀርበው ፊቱን በኩታው ጠረገ።

«ወንድምዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው፣ አቶ አሊዪ?»

«ሰኞ፣ አስር ሰግደን ስንጨርስ። ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ማሳው ዳር አስረከብኩት። አቀፈኝ። ገባ፣ አስነሳት፣ አቧራውን አቡንኖ ሄደ። እኔም በእግሬ ወደ ቤቴ።»

«ሲነዳ አዩት?»

«በዓይኔ! ሳቁ እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ ነው፣ ወላሂ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንን ደላላ ጠይቁት። እኔ ከመጀመሪያው አላመንኩትም። ወንድሜን በማይረባ ብረት ነው የገደለው።»

ጸደንያ አመስግናው ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆም ብላ ግራ ጫማዋን ለአፍታ አየች። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ የጣላት ያ እግር ነው።

*

ፍቃዱ ከአደጋው ቦታ ተጎትታ የመጣችውን መኪና ጋራዡ ጥግ አቁሞ ሸራ አልብሷታል።

«ለምን ሸፈንካት?»

«ማየት አልቻልኩም፣ ኢንስፔክተር። እኔ ነኝ ‹ጥሩ ናት› ያልኩት።» እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ እጁ ግን ንጹሕ ነው። «አዲስ አበባ ሞተሯን አስነስቼ ሰማኋት። ሥሯ ተኝቼ አየሁ። እንደ ሰዓት የምትሠራ ነበረች። የሻንሲዋን ቁጥር እንኳ በእጄ ጻፍኩለት። ምን አምልጦኝ ነው? ከጠዋት ጀምሮ ይህን ነው የማስበው።»

«ከሞተ ወዲህ ውስጧን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አሁን ግለጣት፤ የሻንሲውንም ቁጥር አንብብልኝ።»

ፍቃዱ እያመነታ ሸራውን ገፈፈ። በሩን ከፈተ። ወደ ውስጥ አንዴ አየና ባለበት ደረቀ። ቁጥሩን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ጸደንያ እጇን አነሳች።

«እስከ ሐሙስ ለማንም እንዳትናገር።»

ደላላው ሰዲቅ ጀውሃ ከተማ፣ ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ነበር። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ደላላ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም!» አለ ሳትጠይቀው። «ሰኞ ከዙሁር እስከ መግሪብ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም፤ ይህ ሁሉ ሹፌር ምስክሬ ነው።»

«ማን ሌባ አልዎት፣ ጋሽ ሰዲቅ? የርክክቡን ወረቀት ያሳዩኝ እንጂ።»

ከጃኬቱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ጸደንያ የሻንሲውን ቁጥርና የተረካቢውን ፊርማ አይታ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

«ኸድር መኪና ሲፈልግ ምን ምን አልዎት?»

«ምን ያላለኝ አለ! አምስት አሳይቼው አምስቱንም መለሰብኝ። ‹ዝቅ ትበል፣ መለዋወጫዋ ይገኝ፣ አውቶማቲክ ትሁን› ነው። ገበያው ላይ ርካሾቹ ሁሉ በማርሽ የሚነዱ ናቸው፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች።»

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ገብታ ዶክተር ኤደንን አነጋገረች። ዶክተሯ ብዙ አላወራችም። የነገረቻት ሁለት ነገር ነው። ሁለተኛውን ጸደንያ ማስታወሻዋ ላይ አልጻፈችውም።

*

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁሉም ፍቃዱ ጋራዥ ተሰበሰቡ። ጸደንያ እትዬ ራቢዓን እንዳይመጡ ለምናቸው ነበር፤ «የልጄን ነገር ከጎረቤት አፍ አልሰማም» ብለው መጡ። ፍቃዱ ወንበር አቀረበላቸው። አሊዪ ከኋላቸው ቆመ።

«ኸድር መኪና ውስጥ አልተፈነከተም» ብላ ጀመረች ጸደንያ። «መኪናዋ የተጋጨችው በአፍንጫዋ ነው፤ እሱ የቆሰለው ማጅራቱን። ፀጉሩ ውስጥ ያለው ጭቃም መንገዱ ላይ የለም። ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ማሳው ዳር ያለው የመስኖ ቦይ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ነው የወደቀው። ከዚያ ሰው አንስቶ መኪና ውስጥ አስቀመጠውና ገፋ። ማርሹ ፎሌ ላይ የተገኘውም ለዚህ ነው፤ ፎሌ መኪናን በቁልቁለት ለመግፋት እንጂ ለመንዳት አይሆንም።»

«ዘራፊ ይሆናላ!» አለ ሰዲቅ ግንባሩን እየጠረገ።

«ዘራፊ ኪሱን ይበረብራል። ኪሱ አልተነካም።» መኪናዋን ዞራ ግራ በሯን ከፈተች። «እዚህ ወለል ላይ ስንት መርገጫ አለ፣ ሳጅን?»

«ሦስት። ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን።»

«ፍሪሲዮኑ የሚረገጠው በየትኛው እግር ነው?»

«በግራ...» አለና አሰግድ ቆመ። «ግን ባጃጅ ይነዳ ነበር እኮ!»

«የባጃጅ ፍሪሲዮን በእጅ ነው የሚያዘው። አንተም ከተማውም ዓመት ሙሉ ባጃጁን ሲነዳ እያያችሁ ስለኖራችሁ ነው ያልታያችሁ። የማይታጠፍ ጉልበት ግን ይህችን መኪና አንድ ክንድ አያስኬዳትም። ኸድር ይህን ያውቅ ነበር፤ ሁለት ዓመት የመረጠው ለዚህ ነው። የመረጣትም አውቶማቲክ ናት፤ ፍሪሲዮን የላትም። ፍቃዱ፣ የሁለቱን መኪኖች ቁጥር ንገራቸው።»

«ይህች ያቺ አይደለችም» አለ ፍቃዱ፤ ድምፁ ተቆረጠ። «ቁጥሯ እኔ ደብተሩ ላይ የጻፍኩት አይደለም፤ ቀለሟ ብቻ ነው አንድ የሆነው። ይህች ግን ተገልብጣ የነበረች ናት፤ የተጎዳ ላሜራዋን የሸፈነው ስቱኮ ነው። እኔ ያየኋት ሌላ ናት።»

ሁሉም ወደ ሰዲቅ ዞሩ። ጸደንያ የርክክቡን ወረቀት ዘረጋች። «ጋሽ ሰዲቅ ያስረከቡት ትክክለኛዋን ነው፤ ቁጥሩ እዚህ ተጽፏል። ተረካቢው አቶ አሊዪ ናቸው። መኪናዋ የተለወጠችው መንገድ ላይ ነው።»

አሊዪ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። «እኔ ቁጥር አላነበብኩም! ቀይ መኪና ሰጡኝ፣ ቀይ መኪና አመጣሁ። እኔንም አታለውኝ ነው!»

«ይህን ብለው ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ አምንዎት ነበር» አለች ጸደንያ ድምፅዋን ሳታነሳ። «የተታለለ ወንድም ‹ወንድሜ ይህችን መንዳት አይችልም፤ ተታለልን› ብሎ ይጮሃል። እርስዎ ምን አሉኝ? ‹ገባ፣ አስነሳት፣ ሄደ፤ በዓይኔ አየሁ› አሉኝ። በዚህች ከተማ ያንን ጉልበት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስት ዓመት ተሸክመውታል። ሊሆን የማይችለውን አየሁ ብሎ መሐላ የሚያስፈልገው፣ ኸድር ነድቶ ሞተ እንዲባል የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ካልሆነ ይግቡ፤ ግራ ጉልበትዎን ሳያጥፉ ማርሽ ያስገቡና ያሳዩን።»

በሩ እንደተከፈተ ነው። አሊዪ አልገባም።

«ደህናዋን ሸጥኳት» አለ በመጨረሻ። «ይህችን በርካሽ ገዛሁ። በትርፉ የአይሱዙ ድርሻ ልገዛ ነበር። እሱ... እኔ እነዳለታለሁ ብዬ ነው። ልጅ ሆኖ ያለ እኔ የትም አይሄድም ነበር። አሁን ብቻውን ሊነዳ፣ ብቻውን ሊሄድ። ማርሹን ሲያይ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹እግሬን ረሳኸው ወይስ አስታውሰህ ነው?› አለኝ። ገፋሁት። ራሱ ቦዩ ሲሚንቶ ላይ አረፈ። እንደ ድሮው አዝዬ...»

ሁለት እጁን፣ ሰው እንዳዘለ፣ ወደ ጀርባው አዞረ።

እትዬ ራቢዓ ዞረው አላዩትም። ዓይናቸውን ጸደንያ ላይ ተከሉ። «አዝሎ ሲያስገባው ነፍሱ ወጥታ ነበር?»

ጸደንያ ሁለት ቀን የፈራችው ጥያቄ ይህ ነው። ልትዋሽ አሰበች። ከዚያ እኚህ ሴት ዛሬ ከአንድ በላይ ውሸት መስማት እንደሌለባቸው ገባት።

«አልወጣችም፣ እትዬ። ዶክተሯ እንዳለችው መሪው ሲመታው ደረቱ ደም ቋጥሯል። ሬሳ ደም አይቋጥርም።»

«ሞቷል ብዬ ነው! ወላሂ፣ እማ፣ ሞቷል ብዬ ነው!»

«ትንፋሹን አዳመጡ?» አለች ጸደንያ።

አሊዪ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ፍቃዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ በእጅጌው ፊቱን ሸፈነ። ሰዲቅ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያለ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገ።

አሰግድ ካቴናውን ሲያስገባለት አሊዪ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ እትዬ ራቢዓ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። አልተሳደቡም፣ አልረገሙም። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የገዛ ቤቱን በር ከፍቶ ባዶ ሜዳ ያገኘ ሰው መልክ ነበራቸው።

«እማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ።»

እትዬ ራቢዓ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የጋራዡ ቆርቆሮ በሙቀቱ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል።

«የኸድርን ገና አልጨረስኩም» አሉ። ከዚያም የፍቃዱን ክንድ ይዘው ተነሱና በበሩ ወጡ።