መዳፍ ላይ ያልደረቀው

መንገድ ዳር ቤንዚን ስትገዙ መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ትፈትናላችሁ?

እኔ አልፈተንኩም።

የምጽፈው በእውነት የሆነ ነገር ነው። «ተረት ነው» የሚል ካለ መኪናዋ ደብረ ታቦር፣ ደጄ ላይ ቆማለች... መጥቶ ይያት!

ባለፈው ጥቅምት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። እህቴ የሺ ምጥ ጠንቶባታል። አምቡላንስ ብንጠራ አልመጣልንም፤ ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል በራሴ መኪና ይዣት ወጣሁ። ቤንዚኔ እያለቀ ነው። ማደያዎቹ «የለም» ማለት ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።

መንገድ ዳር ጋቢ የተከናነበ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቆሟል።

ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠብታው ቤንዚን ከሆነ መዳፍ ላይ ወዲያው ይደርቃል። ውሃ ካለበት እንደረጠበ ይቀራል።

መዳፌን ዘረጋሁ። ሰውየው የኋላውን ወንበር አየት አደረገ።

«ምጥ ላይ ናት አይደል? ማርያምን፣ ንጹሕ ነው!»

በምጥ ሰዓት በማርያም የሚምልን ማን ይጠረጥራል? እጄን ሰበሰብኩ። ቀዳልኝ።

ዳገቱ ላይ ሞተሩን ሳል ያዘው። እህ... እህ... እህ...

«ወንድም ዓለም፣» አለች የሺ በሹክሹክታ፣ «መኪናህ ከእኔ ብሳ አማጠች እኮ።»

ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ!

ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ባዞር ባዞር... እንቢ አለ። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። መንገዱ ጭር ብሏል።

«በርታ...» አለችኝ። እኔን!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዳፏን መስኮቱ ላይ አሳረፈች... ዝም አለች። ሕፃኑም አብሯት ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ መካኒኩ ነጂብ ከነዳጅ ታንኩ በጠርሙስ ቀድቶ አሳየኝ። ከላይ ቤንዚን፣ ከሥር ውሃ።

«ወላሂ ጋሼ፣ እኩሌታው ውሃ ነው።»

ታንኩን አንጠፍጥፎ ባዶ አደረገው። ባትሪውንና የነዳጅ ፓምፑን ፈታቸው። ዛሬም ካርቶን ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር ናቸው።

ግን በየቀኑ... ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን... ከደጄ ሳል ይሰማል።

እህ... እህ... እህ...

ትናንት ነጂብን ጠራሁት። ሰማ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አጥፋት...»

«ምኗን ላጥፋ? ራስህ አይደል የፈታሃት?»

«ታዲያ ውስጥ... ማን አለ?»

የኋላው መስኮት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የእርጥብ መዳፍ አሻራ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሌላ... አውራ ጣቴን የማያክል ትንሽ መዳፍ።

ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታዋል። እስኪመሽ ቆመን አየነው።

አልደረቀም።

አንተ ባለ ቢጫ ጀሪካን! ጋቢህን ገልጠህ፣ ሁሉም በሚያነብበት በዚህ ቻናል፣ በስምህ መልስ። በማርያም ስትምል ጀሪካኑ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር?