በመንገድ ላይ የሚበላሽ ነገር

ያ የቤተ ሙከራ ሕንጻ ዛሬ ፈርሷል። ብርጭቆ ይታጠብበት የነበረውን ጠባብ ክፍል፣ በእንፋሎት የሚያልበውን ግድግዳና የሳሙናውን ሽታ ግን ሁለት ሰዎች እስካሁን አልረሱትም።

እሱ ዕቃ አጣቢ ነበር። ከአፉ ቃል ስለማይወጣ «ዝምታው» ይሉታል። እሷ ላይኛው ፎቅ የምትመራመር ተማሪ ነበረች። በመካከላቸው የዕቃ ቤት ኃላፊዋ አሉ፤ ወገባቸው ላይ በሚንቃጨለው የቁልፍ ዘለላ ምክንያት «እትዬ ቁልፍ» ይባላሉ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ እሱ ያጠበውን በእሳቸው መደርደሪያ ላይ ያኖራል፣ እሷ ከመደርደሪያው ትወስዳለች። በዚህ የተነሳ አንዳቸው የሌላውን ፊት አያውቁም ነበር።

አንድ ጠዋት እትዬ ቁልፍ አረፈዱ፤ ዕቃ ቤቱም አልተከፈተም። ልጅቷ ቸኩላ እስከ ማጠቢያው ክፍል ወረደች።

«ስጠኝ እባክህ፣ ሥራዬ ቆመ» አለች እጇን ዘርግታ።

ደንቡን አሰበ። እጇንም አየ። የብርጭቆ ቱቦዎቹን ገና ትኩስ እንዳሉ ሰጣት።

«ምን ትሠሪባቸዋለሽ?» አለ፤ በራሱ ድምፅ ራሱ ደነገጠ።

«ኢንዛይም ታውቃለህ? በሰውነታችን ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡ ጥቃቅን ሠራተኞች በላቸው። እኔ የማጠናው ሁለቱን ነው። አንደኛው ይጀምራል፣ ሁለተኛው ይጨርሳል። ተለያይተው ሲኖሩ፣ የተጀመረው ነገር ውሃ ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ ነው ሁለተኛውን የሚያገኘው። እኔ ደግሞ ጎን ለጎን አሰርኳቸው፤ እጅ በእጅ ይቀባበላሉ።»

«ያኔ ይፈጥናሉ?»

«ሲጀምሩ አዎ፣ መጨረሳቸውን የሚያሳየው ቀለም ወዲያው ይወጣል። የተለያዩት ይዘገያሉ፤ ውሃው ውስጥ በቂ ሲጠራቀም ግን ፍጥነታቸው እኩል ይሆናል። መምህሬ ሁልጊዜ ካልፈጠኑ ይላሉ፤ አለቃ መቼ ጠግቦ ያውቃል!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚቀባበሉት ነገር ቶሎ የሚበላሽ ከሆነ ነው ጉዱ። መንገድ ላይ የቀረ፣ ቀረ።»

ዝምታው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ቱቦ ለመውሰድ ራሷ ትወርድ ጀመር። እትዬ ቁልፍም «ዛሬም ደንቡ ተረሳ?» እያሉ፣ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። እንዴት ያማሩ ጠዋቶች ነበሩ!

ጥናቷ ሲገባደድ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። ጨነቀው፤ አንደበቱ ግን ተሳሰረ። በመጨረሻ እትዬ ቁልፍን ለመናቸው።

«እትዬ፣ እንደምወዳት ይንገሩልኝ።»

«እንዲህ ያለ ነገርማ በወግ ነው የኔ ልጅ» አሉ። ለልጅቷ መንገሩን ትተው ላሳደገቻት አክስቷ ነገሩ። አክስትየዋም «ለዕቃ አጣቢ?» ብላ ነገሩን ዋጥ አደረገችው።

እሱ መልስ ጠበቀ። ልጅቷ እንደ ወትሮዋ «እንዴት አደርክ?» ብላ ትስቃለች። ሰምታ እንዳልሰማች የሆነች መሰለው። ከዚህ በላይ ምን እንቢታ አለ ብሎ ዕቃውን መደርደሪያው ላይ እያኖረ በሩን መዝጋት ጀመረ።

በመጨረሻው ቀን በሩን ገፍታ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አደረግኩህ? ሰው ሲሄድ እንኳ ደህና ሁኚ አይባልም?»

«መልስሽ... ሳትናገሪ ገባኝ።»

«የምን መልስ? ማን ምን ጠየቀኝ?»

ቧንቧው ይንጠባጠባል። እሱ አቀርቅሮ የደረቀ እጁን ደጋግሞ በጨርቅ ጠረገ።

«እትዬን ልኬ ነበር። እወዳታለሁ ብዬ።»

እያለቀሰች ሳቀች።

«አንተ ሰው! ምላስህን ለሰው ታበድራለህ? ይሄኔ ለአክስቴ ነግረዋት ይሆናላ! ነገ እኮ ሄጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

የመጻሕፍት ካርቶኗን ተሸክሞ እስከ ቤቷ ተከተላት። አክስትየዋ በሩን ከፈተች፤ ካርቶኑን አየች፣ ተሸካሚውንም አየች።

«እዚያ አስቀምጠው፤ እግዜር ይስጥልን።»

አላስቀመጠውም። ፊቱ በላብ ተጠምቋል።

«እማማ፣ ያን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ። እወዳታለሁ። ሥራዋን ትልቀቅ አልልም፤ ከፈቀዱልኝ ያለችበት ድረስ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ።»

አክስትየዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ?»

«እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው» አለች ልጅቷ። «ቀደም ብዬ ብሰማም መልሴ ያው ነበር።» ይህን ብላ ካርቶኑን በአንድ ወገን ያዘችለት።

አክስትየዋ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ታዲያ በር ላይ ምን ይገትራችኋል? የሰው ልጅ ክንድ ሊገነጠል ነው፤ ግቡ!»