የቢያድግልኝ ፒክአፕና አራተኛው ድንጋይ

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። እንዲያ ነው። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ወደ መሃል ይጠጋ፤ ኋላ ጭኔ ላይ የሚዘልብኝ ሰው አልፈልግም። ዕድሜዬ አይችልም።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ በአንድ ጎኑ ቋጥኝ፣ በሌላው ጎኑ ገደል የሆነ የጠጠር መንገድ ነው። ጨረቃ የለም። ቤት የለም። ውሻ እንኳ አይጮህም፤ ምን ሊጠብቅ ይጮሃል? እዚያ መንገድ መሃል አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል። ብቻውን ስል መኪናው አብራው አለች። እሷን ከቆጠራችሁ ግን እናንተ የዋሆች ናችሁ።

ሰውየው ቢያድግልኝ ይባላል። የየት አገር ሰው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ አሁንም አሉ፣ ይቆጡኛል። ዘመኑ ስልክ ኪስ ውስጥ ያልገባበት ዘመን ነው። በዚያ መንገድ በቀን ሁለት መኪና ካለፈ ሰው ሁሉ ዛሬ ምን ተፈጠረ ይል ነበር። እና ቢያድግልኝ ምን አደረገ? ሁለት በሬ ሸጠ። የሚያርሱ፣ የሚታዘዙ፣ ሣር በልተው የሚያድሩ ሁለት በሬዎች ሸጠና አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ገዛ። "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" የሚባለው ለበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለባለበሬውም ነው።

መኪናዋ እንዴት ያለች ነበረች? አቤት! ማን እንደሠራት አይታወቅም። ፊቷ ላይ የነበረው ስም ተነቅሏል፤ የሠራት ሰው አፍሮ በሌሊት መጥቶ የነቀለው ይመስለኛል። አንዱ በሯ የሚከፈተው እጅን በመስኮት አውጥቶ ከውጭ ነው፣ ሌላው ጭራሽ አይከፈትም። የእጅ ፍሬኗ እጀታው አለ፤ የሌለው ፍሬኑ ነው። ሻጩ አጥናፉ የሚባል የከተማ ሰው ነበር። ናፍጣ አትሞትም፣ ይቺን የልጅ ልጅህ ይነዳታል አለው። ቢያድግልኝ ደስ አለው። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ረከሰች ብሎ አልጠየቀም። እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር? ተዉ እባካችሁ! ርካሽ ነገር ፊት ሁላችንም ምላሳችን ይታሰራል።

ሚስቱ ደብሪቱ ግን ጆሮ ያላት ሴት ናት። ከተማ የመጣችው ልጃቸውን ማስተዋልን ሐኪም ቤት ልታሳይ ነው። ልጅቱ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሳል ይዟት አልለቅ ብሏት ነበር። ያችን አንዲት ልጅ ያገኟት በስንት ስለት ነው። ደብሪቱ መኪናዋ ስትነሳ ሰማቻት። ልጇን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ የምታስል አንድ ትበቃኛለች ብላ አልሳፈርም አለች። አንተ ቅደም፣ እኛ ነገ በአውቶቡስ እንመጣለን አለችው። አውቶቡሱ ከከተማ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ቢያድግልኝ ተቀየማት። መኪና የገዛ ሰው ሚስቱ በአውቶቡስ ስትሄድ ምን ይባላል? መሪውን ጨብጦ ብቻውን ወጣ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ጠባቡ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ መኪናዋ ቀጥ አለች። አየር ስባለች። ናፍጣ መኪና አየር ከሳበች በቃ፣ አየሩን ከናፍጣ መስመሯ እስኪያስወጡላት ድረስ እንደ አኮረፈች ሙሽራ አትነቃነቅም። ቢያድግልኝም የሾፌሮችን ወግ አደረገ። ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዳይገጨው አራት ድንጋይ አምጥቶ መንገዱ ላይ ደረደረ፣ ቅጠልም ጣል አደረገባቸው። ሦስቱን ተሸከማቸው። አራተኛውን ግን መሸከም አልቻለም፤ እያንከባለለ ነው ያመጣው። እጁ በዘይት ጠቁሮ ስለነበር መዳፉ ድንጋዮቹ ላይ ታተመ።

ከወዲያ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አዝኖለት ወረደ፣ አየሩን አስወጣላት፣ ተነሳች። ሾፌሩ ወደ መኪናው ሲመለስ ስትሄድ ድንጋይህን አንሳ ብሎት ሄደ። አነሳ? ጠይቁኝ እንጂ፣ አነሳ ወይ? አላነሳም! ወርጄ ሳነሳ ሞተሩ ቢጠፋብኝስ አለ። ከኋላ የሚመጣ ሰው ያነሳዋል አለ። በዚህ አገር ሁሉን ነገር የሚያነሳው ከኋላ የሚመጣው ሰው ነው። እኔ ያን ሰው እስካሁን አላገኘሁትም፤ ያገኛችሁት ካላችሁ ሰላም በሉልኝ።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሄደችለትም። ዳገቱ መሃል ላይ፣ አሁን በነገርኳችሁ ቦታ፣ ተንፈስ ብላ ቆመች። ከዚያም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። የእጅ ፍሬን የለም አላልኳችሁም? ቢያድግልኝ ዘሎ ወረደ፣ ዳቦ የምታህል ድንጋይ አነሳና ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሸቃት። መኪናዋ ድንጋይዋ ላይ ተደገፈች። የሁለት በሬ ዋጋ በአንድ ድንጋይ ቆመ ማለት ነው። የሚያልፍ ሰው ጠበቀ። ማንም አላለፈም። መሸ። በረደው። ጋቢውን ተከናንቦ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከመኪናዋ ኋላ አንድ ነገር ሰማ።

ጓ!

ድንጋይ መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። ዝንጀሮ ነው አለ። እናንተ ሆይ፣ ዝንጀሮ በሌሊት ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም አላየም፤ ግን ዝንጀሮ ነው ማለት ተሻለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጓ! አለ። ይሄ ሌላ ዝንጀሮ ነው አለ። ሦስተኛው ጓ ሲል ግን ዝንጀሮ አለቀበት። ወረደ። ክብሪት ጫረ። ከመኪናዋ ኋላ ሦስት ድንጋዮች ተደርድረዋል። ቅድም አልነበሩም። ጎንበስ ብሎ አያቸው። አንደኛው ላይ ጥቁር የመዳፍ ምልክት አለ። ሁለተኛውም ላይ አለ። ሦስተኛው ላይ መዳፉን ገጥሞ አየው። ልክክ አለ።

እነዚያን ድንጋዮች የተዋቸው በመኪና አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ወደ ኋላ ነው። ክብሪቱ ጣቱን አቃጠለውና ጠፋ።

"የማን ናቸው?" አለ ቢያድግልኝ። ለማን እንደሚናገርም አያውቅም።

"ያንተ ናቸው" አለው አንድ ድምፅ። "ሦስቱን አመጣሁልህ። አራተኛው ከበደኝ።"

ሁለተኛ ክብሪት ጫረ። አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ጎንበስ ብሏል፣ እጆቹ አቧራ ለብሰዋል። አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የክብሪቱ ብርሃን ሽማግሌው ፊት ላይ አላረፈም። አልፎት ሄደና ከኋላው ያለውን ግራር አበራው። ቢያድግልኝ በሽማግሌው ደረት ውስጥ የግራሩን እሾህ አንድ በአንድ አየ።

በስመ አብ አለ። ሽማግሌው አልጠፋም። ደገመው። ሽማግሌው አሜን አለና ቆመ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እኔ አላውቅም፤ ቢያድግልኝም አላወቀም።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ነገረው። በሕይወቱ ሳለ ከገበያ ሲመለስ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ነበር። መኪናዋ በጨለማ መታጠፊያው ላይ ስትዞር፣ አንድ ሾፌር ጥሎት የሄደው ድንጋይ ላይ ወጣችና ገደል ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሥራው አንድ ነው። ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን ድንጋይ ሁሉ ያነሳል። ሰውም ቢሆን፣ መንግሥትም ቢሆን ደመወዝ አይከፍለውም። ለነገሩ በሕይወት ያሉትም የመንገድ ሠራተኞች መቼ በወቅቱ ይከፈላቸዋል።

ከዚያ ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቀው።

"አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ ስንት ሰዓት ይደርሳል?"

ቢያድግልኝ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። አውቶቡሱ ከከተማ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል፤ መታጠፊያው ጋ የሚደርሰው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ገና በጨለማ ነው። ደብሪቱ ልጁን ታቅፋ ውስጡ አለች። አራተኛው ድንጋይ ደግሞ መንገዱ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ፈራ። ሽማግሌውን አይደለም የፈራው። ሽማግሌውን ጨርሶ ረሳው።

አሁን ወዲያው ሮጠ የምላችሁ ይመስላችኋል አይደል? አልሮጠም። ሰው እኮ ነው፣ የኛው ሰው። ዞር ብሎ መኪናዋን አያት። ማን ይጠብቃታል አለ። ማን ይሰርቃታል ብሎ ራሱን አልጠየቀም። ሌባም ዓይን አለው እኮ! ሆኖም ሁለቱ በሬዎች ትዝ አሉት፣ አንጀቱ አልቆርጥ አለ። ሽማግሌውን አባቴ፣ እስክመለስ መኪናዬን ይጠብቁልኝ ብሎ ለመነው። ሽማግሌው ዝም አለ። ቢያድግልኝም ዝምታውን እሺ ብሎ ተረጎመውና ቁልቁል ሮጠ።

አራት ሰዓት ሙሉ ሮጠ። በደህና ቀን ከቤቱ እስከ ቤተክርስቲያን መሄድ የሚታክተው ሰው ነው። ወደቀ፣ ተነሳ። አንዱ ጫማው የት እንደቀረ አያውቅም። ጅብ ጮኸ፣ እሱ ግን ለጅብ ጊዜ አልነበረውም። እያለቀሰ ነበር የሚሮጠው። ማስተዋል መስኮት አጠገብ ካልተቀመጥኩ የምትል ልጅ ናት፣ እናቷም እሺ ትላታለች፤ በገደሉ በኩል ትሆናለች እያለ ያስባል። አምላኬ፣ መኪናዋን ውሰዳት አለ። እግዜርም ምን ያደርግባታል? ግን ከልቡ ነበር ያለው፤ በዚህ አልቀልድበትም።

መታጠፊያው ጋ ሲደርስ የአውቶቡሱ መብራት ከታች ይታያል። ቅጠሉን ነፋስ ወስዶታል። ድንጋዩ ብቻ፣ ጥቁር ሆኖ፣ መሃል መንገድ ላይ ተቀምጧል። ገፋው። አልነቃነቅ አለ። እንደገና ገፋው። የአውቶቡሱ ሞተር ተሰማ። መሬት ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ቋጥኙ ላይ አስደግፎ በሁለት እግሩ ገፋው። መብራቱ ታጥፎ ፊቱ ላይ በራ። ድንጋዩ ተንከባለለ፣ አፋፉን ዘለለና ገደል ገባ።

አውቶቡሱ ፍሬን ያዘ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ እስከ አያት ቅድመ አያቱ ሰደበው፤ ሌሊት ላይ በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ጥቁር ዘይት ተለቅልቆ መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ዕብድ ነው፣ ሌላ ምን ይሁን? ጥሎት ሄደ። አውቶቡሱ ሲያልፍ ቢያድግልኝ በመስኮቱ ደብሪቱን አያት። ማስተዋል ትከሻዋ ላይ ተኝታለች፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ደብሪቱ አየችው፣ አላወቀችውም። ዕብዱን ልጄ እንዳታየው ብላ ነጠላዋን ልጅቱ ላይ ሳበች።

ቢያድግልኝ እዚያው አቧራው ላይ ቀረ። ሳቀ። እሰይ አለ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። የአውቶቡሱ ቀይ መብራት ተጠማዝዞ ጠፋ፤ መንገዱም ጨለመ።

ጓ!

ከኋላው ነው። በጣም ቅርብ፣ ጆሮው ሥር። ዞር አለ። ሽማግሌው ቆሟል። እግሩ ሥር ዳቦ የምታህል ድንጋይ አስቀምጧል።

"ይቺንም ጥለሃት ሄድክ" አለው።

ገባችሁ? ከኋላ ጎማዋ ሥር የነበረችው ናት፤ ሦስቱንም ከመንገዱ አንስቷቸዋል! ሽማግሌው ምን አጠፋ? ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን ድንጋይ አነሳለሁ ብሎ አስቀድሞ ነግሮታል። መኪናዋ እንግዲህ ያን ጊዜ ገደሉ ሥር ነበረች፣ አራቱም ጎማዋ ወደ ሰማይ ቆሞ። ከተገዛች ጀምሮ ያለ ብልሽት የሄደችው ብቸኛ መንገድ እሱ ነው።

ቢያድግልኝ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ጎንበስ አለና ክንዱን ያዘው። ያን ሁሉ ብርሃን ያሳለፈው እጅ ክንዱን ግን አጥብቆ ያዘው፤ ቅዝቃዜው አጥንቱ ድረስ ገባ። የክንዱን ጡንቻ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ መዘነው፣ ሰው ገበያ ላይ በሬ ሲገዛ እንደሚያደርገው።

"ጎበዝ ነህ" አለው። "ነገ ማታም ና። ከባዶቹ ብዙ ናቸው።"

ቢያድግልኝ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖሯል። ደብሪቱ ሌሊት ሌሊት እጇን ስትሰድ አልጋው ባዶ እንደነበር፣ ጧት ደግሞ መዳፉ ተልጦ እንደምታገኘው ለጎረቤት ተናግራለች። እና ልጆቼ፣ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም አገር ደህና ሲመስላችሁ፣ ከኋላችሁ ድንጋይ ሲቀመጥ ብትሰሙ፣ ክንዳችሁን ጋቢ ውስጥ ክተቱ። በሉ ደህና እደሩ፤ እንቅልፍ የሚመጣላችሁ ከሆነ።