ከጆሮ የቀደመ እጅ

ባሌን የቀበርኩ ቀን እንባ እምቢ አለኝ። የእህቴ ዋርሳ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ «ይቺማ ድንጋይ ናት» አለ፤ ስሜ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ በሄድኩ ቁጥር ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ትከሻዬን መነቅነቅ ለመድኩ።

ዘንድሮ ደግሞ የእህቴ ባል፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ከጓዳው ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ጨርቅ ቆራጩ ነው፤ ክር ገዝቶ ሲመለስ አይቶት ጮኸ። እኔም እዚያው ነው የምሠራው፤ በፊት ለፊቱ ክፍል ደንበኛ እለካ ነበር፤ የመንገዱ መኪና ጆሮ ያደነቁራል፣ ሲወድቅ የሰማ የለም። ዋርሳዋ መሬት ላይ ተንከባለለ። እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ደርቃ ቀረች።

«ዓይኗን እዩት! ቁርጥ እህቷን! እሷ ናት የገደለችው!» አለ ዋርሳዋ።

ከፖሊስ የመጣው መርማሪ መቀመጥ የማይሆንለት አጭር ሰው ነው። የሟቹን ሸሚዝ አየ፤ ደረቱ ላይ ተቀዷል። «ጨምድዶ የገፋው አለ» አለ። «ጩኸቱን ስትሰሙ የት ነበራችሁ?»

«ክፍሌ፣ ቀሚስ እየሰፋሁ» አለች እህቴ።

«እኔም ክፍሌ፣ ኮት ስሰፋ» አለ ዋርሳዋ። «መርፌው እንደተሰካ ጥዬው ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይነካዋል?»

«ከጩኸቱ በፊትስ ያስደነገጠህ ነገር ነበር?»

«ኧረ ምንም! እያንጎራጎርኩ ነበር።»

«አሞህ ነበር?»

«እኔ? ብረት ነኝ!»

መርማሪው ሁለቱን ክፍሎች ሲመላለስባቸው ዋለ። እህቴን ሊወስዷት ነው ብዬ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። በመጨረሻ ሰበሰበንና ሁለቱን ልብሶች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

«የቀሚሱ ስፌት እስከ መርፌው ድረስ እኩል ነው። ቆራጩ እስኪጮህ ድረስ እጇ ሰላም ነበር። ኮቱን እዩ። እስከ ብብቱ ያምራል፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮ የጫረው ይመስላል።»

ቆራጩ ጎንበስ አለ። «እንዲህ ያለ ስፌቱን አይቼ አላውቅም!»

«ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አፍ ይዋሻል፤ እጅ አይችልበትም። ገና ማንም ሳይጮህ ይህ እጅ ምን አውቆ ተንቀጠቀጠ? ገድሎ ተመልሶ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ ለማለት ሰፋ።»

«እህቴ አለማልቀሷስ?» አልኩ፤ አላስችለኝ አለ።

«ድንጋጤ አንዱን ያስጮሃል፣ አንዱን ያደርቃል። እንባ የፍቅር ሚዛን አይደለም፣ እትዬ።»

ዋርሳዋ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ሱቁን ለሚስቴ አወርሳለሁ ሲለኝ ደሜ ፈላ። ገፋሁት እንጂ ይሞታል አላልኩም...»

ሊያለቅስ ፊቱን ጨማደደ፤ ጠብ የሚል ጠፋ። «ድንጋይ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰች። ዋጥኳት።

በማግስቱ ቀብር ላይ ሻርፔን ቤት ትቼ የእህቴን እጅ ይዤ ከሰዉ ፊት ቆምኩ። ሁለታችንም ዓይናችን ደረቅ ነበር።