የሻምበሉ ቁራሽ

ሻምበል ኢሌያዘር ፎርብስ በምርጫው ቀን፣ ለበዓሉ ከተጋገረው ኬክ የደረሰውን ቁራሽ እንኳ ሳይጨርስ ከገበታው ሥር ተዘርሮ ሞተ። የሃርትፎርድ ከተማ አዲሱን አገረ ገዥ በደወል ስትቀበል፣ የሟቹ ወንድም አሳሄል የቤቱን ባሪያ ቫዮሌትን የፊጥኝ አስሮ ማድቤት ዘጋባት። ሻምበሉ ከምሳ በኋላ ሊፈርምላት ቃል የገባው የነጻነት ወረቀት ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ዳኛ ኦባድያ ላምሰን ባርኔጣውን ሳያወልቅ ወደ ገበታው ጎንበስ አለ። ከኬኩ ስምንት ሰው በልቷል፤ የሞተው አንድ ነው። የሟቹን ትራፊ እፍ ሲልበት ነጭ ዱቄት ብን አለ። የሌሎቹን ትራፊ እፍ ቢልም ምንም የለም።

«የአይጥ መርዝ ነው» አለ አሳሄል። «ጠዋት ማድቤት በር ላይ ቆሜ፣ ኬኩ ላይ ስትነሰንስ በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ስኳር መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት!»

«ማን ቆረሰው?»

«እኔ፣ ሁሉም ፊት» አለች የሟች ሚስት መሂታብል። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ያደለው አሳሄል ነው።»

ዳኛው ማድቤት ገባ።

«ቫዮሌት፣ ኬኩን እንዴት ሠራሽው?»

«ትናንት አቦካሁት፤ ኩፍ እስኪል አሳደርኩትና ጠዋት ጋገርኩት። ገና ትኩስ እያለ ስኳር በእንቁላል ነጭ መትቼ ቀባሁት፣ እንዲደርቅ መልሼ ምድጃ ከተትኩት።»

«ከዚያስ ምን ነሰነስሽበት?»

«የምን መነስነስ ጌታዬ? ቅቡ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል እኮ! ዱቄት ቢያደርጉበት ገበታ ሳይደርስ ይረግፋል። ይነሰነሳል የሚል ማድቤት ገብቶ የማያውቅ ወንድ ነው።»

ላምሰን ሊስቅ ቃጣውና የእጇን ገመድ አይቶ ተወው። ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበ።

«ኬኩ በሙሉ ቢነሰነስበት ከበሉት ከስምንቱ አንድም አይተርፍም ነበር። መርዙ የተጨመረው በአንድ ቁራሽ ላይ፣ ከተቆረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቫዮሌት ማድቤት ነበረች። የትኛው ቁራሽ ለሻምበሉ እንደሚደርስ የሚያውቀው ደግሞ አዳዩ ብቻ ነው። አቶ አሳሄል፣ ያላዩትን አየሁ አሉ። ኬክ እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቁም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

አሳሄል ፊቱ ተለዋወጠ። «ዛሬ ባሪያውን፣ ነገ መሬቱን! አባታችን ያቆየልንን ሲበትነው ቁጭ ብዬ ልይ?»

ዳኛው ያዘዛቸው ሰዎች ይዘውት ሄዱ። የቫዮሌት ገመድ ተፈታ። እሷ ግን ዓይኗን ከጠረጴዛው አልነቀለችም።

«ጌታዬ፣ ወረቀቱስ?»

ዳኛው መሬት መሬት አየ። እንደዚያን ቀን በሥራው አፍሮ አያውቅም።

«የሞተ ሰው አይፈርምም፣ ቫዮሌት። አሁን የእመቤትሽ ነሽ።»

መሂታብል ወረቀቱን አንስታ አጣጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«ለቀብሩ ብዙ ሰው ይመጣል» አለች። «ተነሺ፣ የሐዘኑን ኬክ አቡኪ።»