ንጉሡ ያልተነሡላቸው ሽመላዎች

በኬልሞር መንግሥት፣ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ረግረግ፣ መስከረም ሲጠባ ሽመላዎች ከባሕር ማዶ ይመጡ ነበር። የመጀመሪያው መንጋ ሲያርፍ ሕዝቡ፣ ንጉሡም ጭምር፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ኖር!» ይላል። አንድ ዓመት ግን ንጉሥ አርማዶር ዝም ብለው ተቀመጡ። ሽመላዎቹ ሦስት ጊዜ ዞሩና ወደ ባሕሩ ተመለሱ። ለቃሚ ያጣው አንበጣም ከሸምበቆው ፈልቶ ማሽላውን ይግጥ ጀመር።

ሕዝቡ «ንጉሡ ጠገቡ» አለ። እውነቱን የምታውቀው አልጋ ወራሿ ሐመልማል ነበረች፤ የአባቷ ጉልበት አብጦ መቆም አቅቷቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ንጉሥም ቢሆን።

«ሽመላዎቹን ሳልመልስ ብመለስ ምድር ትክዳኝ!» ብላ ማለችና ከሽማግሌው ቀዛፊ ከአያ ጎንጤ ጋር ታንኳ ገባች።

ሦስት ቀን በሸምበቆው መካከል ተጓዙ። በአራተኛው የድካም ጭጋግ ከበባቸው፤ በዚያ የተቀመጠ ተመልሶ አይነሣም።

«ልዕልት ሆይ፣ እንዳይቀመጡ!» አሉ አያ ጎንጤ። «እኔስ ግድ የለኝም፤ ሚስቴም ቁጭ በል ብላኝ አታውቅ።»

ሐመልማል ሳቀች፤ ሳቁም ሽመላዎቹ እስካረፉባት የጨው ደሴት አደረሳት። በዚያ የመንጋው መሪ፣ እመ መንገድ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀቻት።

«አባቴ ታመው ነው» አለች ሐመልማል አጎንብሳ። «ንቀው አይደለም።»

«ጉልበቱን አይተናል» አለች ሽመላዋ። «አፉም ታሞ ነበርን? ተቀምጦ ኖር ቢለን እናርፍ ነበር። ክብራችንን የነፈገ ዙፋን ወራሹን ይጣ፤ ያኔ እንመለሳለን።»

ሐመልማል ከልጅነቷ ጀምሮ ያን ዙፋን ትመኝ ነበር። አለቀሰች፤ አላፈረችበትም። ከዚያም እጇን ወደ ባሕሩ ዘርግታ፣ «በኬልሞር ዙፋን አልቀመጥም፤ ባሕሩ ይስማ!» ብላ ማለች።

ሽመላዎቹ በማግስቱ ረግረጉን አለበሱት። አንበጣው አለቀ፤ የተረፈው ማሽላ አሸተ።

ከዓመታት በኋላ አርማዶር አረፉ። ታናሽ ወንድሟ ይልማር ዘውድ ሊጭን ሲሄድ ከዙፋኑ አዳራሽ ደጅ ቆመ።

«እቴ፣ አይቆጭሽም?»

«ይቆጨኛል እንጂ! በየማለዳው ይቆጨኛል» አለች ሐመልማል፣ ካባውን እያስተካከለችለት። «በል ግባ፤ ሕዝቡ በልቶ አድሮ እየጠበቀህ ነው።»