የአላፑዣ ገመድ ነጋዴዎች ማራገቢያ

«ለክቡራን አባላት በሙሉ፦ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከሥራ ገበታው ተለይቶ የቆየው የአዳራሻችን ማራገቢያ፣ በጸሐፊውና በመዝገብ ቤት ሠራተኛው የተባበረ ክንድ ዛሬ ሰኞ ከጣሪያው በክብር ወርዶ ጥገናውን በመጠባበቅ ላይ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበሥራለን።»

ማስታወቂያው በአላፑዣ ከተማ፣ በገመድ ነጋዴዎች ማኅበር በር ላይ ሰኞ ከቀትር በኋላ ተለጠፈ። ማንም አላነበበውም፤ የጸሐፊውን የመምህር አቹታንን ማስታወቂያ የሚያነብ ከከተማው ጠፍቷል። ማክሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ኩንጃፓን በአዳራሹ ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ማራገቢያው ከላዩ ተጋድሞ ተገኘ።

መርማሪዋ ባርጋቪ ስትደርስ፣ በልጅነቷ ሒሳብ ያስተማሯት አቹታን በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ከጣሪያው ወድቆበት ነው፣ ልጄ። ዳኞቹ ረፋድ ላይ ይቀመጣሉ። አደጋ ነው ብለሽ ፈርሚልን።»

ከተማው ሁሉ ፊርማዋን ይጠብቅ ነበር፤ ግድያ ከተባለ ዳኝነቱ ይቆማል። የገመድ ፋብሪካው ባለቤት ኡላሃናንና ከሩቁ ከተማ ከቼናይ ገመድ የሚገዛው ነጋዴ ታንጋቬል ተጣልተዋል። ውላቸው ጠብ ቢነሣ በግልግል ዳኞች ይታይ ይላል፤ ታንጋቬል ግን ቦታው ቼናይ ነው፣ ኡላሃናን አላፑዣ ነው ባዮች ነበሩ። የታንጋቬልን ቅጂ ጎርፍ ስለ በላው፣ ፍርድ ቤቱ በማኅበሩ ቁም ሣጥን የተቀመጠውን ዋናውን ውል አይቶ «በተስማማችሁበት ቦታ ተዳኙ» ሲል አላፑዣ ላካቸው። የዚያን ቀን ከተማው ርችት ተኮሰ። አንዱን የለኮሰችው ባርጋቪ ነበረች።

ባርጋቪ ስትጠይቀው፣ ኡላሃናን ዳኝነቱን እዚሁ መፈለጉን አልደበቀም። ሦስት መቶ ገመድ ፈታይ ለምስክርነት ቼናይ ድረስ በእግሩ ይሂድ ወይ ሲል ጠየቃት። ታንጋቬል በበኩሉ ላቡን እየጠረገ፣ «እኔ እዚህ የመጣሁት ውሸታም ተብዬ ነው፤ ነፍሰ ገዳይም ከተባልኩ እንግዲህ ምሳ ጋብዙኝ» አላት።

ውሉን አስመጥታ ገለበጠችው። ውል የሚጻፍበትን የቴምብር ወረቀት የሚሸጥ ሰው በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ የተሸጠበትን ቀንና የገዢውን ስም ይጽፋል፤ ጀርባውን ግን ማንም አያይም። ውሉ ከተፈረመ አራት ዓመት ሆኖታል። ቦታው የተጻፈበት መካከለኛው ገጽ ግን የተገዛው ከአራት ወር በፊት ነው። ገዢው ኩንጃፓን፣ ለማኅበሩ።

ገጹ በኋላ የተቀየረ ነው። ርችቱ ትዝ አላት።

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኩንጃፓን ግዛ ተብሎ ገዛ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ትናንት ውሉን ለዳኞቹ ሲያዘጋጅ ግን የራሱን ስም ጀርባው ላይ አገኘው። ለዳኞቹ ሊናገር ነበር።»

«እኔን እንዳትዪኝ!» አለ ኡላሃናን።

«አንተ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የለህም። ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም መምህር አንገት ላይ ነው።» ወደ አቹታን ዞረች። «ማራገቢያው ደግሞ ሰኞ ከቀትር በኋላ ወለል ላይ ነበር። ወለል ላይ ያለ ነገር ከጣሪያ አይወድቅም። ይህን በር ላይ የጻፉልን እርስዎ ነዎት። ምነው አልቀደዱትም?»

«የተለጠፈ ማስታወቂያ ያለ ጉባኤ ውሳኔ አይነሣም» አሉ፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

ከአላፑዣ ሰው ርችት ያልተኮሰ አልነበረምና ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። እውነቱ የወጣለት ታንጋቬል እንኳ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር።

«ግን ለምን፣ መምህር? ውሉ የእርስዎ አይደለም፣ ፋብሪካውም የእርስዎ አይደለም።»

አርባ ዓመት ሙሉ ለከተማው ልጆች ሲያስረዱ የኖሩት ሰው ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አላስረዳም» አሉ።